በሰም የታሸገ ምጽዋት

የሰው ልጅ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ለነዳያን ለመስጠት በተፈጥሮው ዳተኛ ፍጡር ሆኖ ሳለ፣ እጁ ባዶውን እንደማይመለስ ባወቀ ጊዜ ግን ከቸሮች ሁሉ ቀድሞ የሚሰለፍ ቸር እንደሚሆን ያስተዋሉ ሰዎች በየዘመኑና በየአገሩ አልጠፉም፤ ስለዚህም ለደብር ማሠሪያ ሎተሪ ሲቆረጥ፣ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ እራት ሲደገስ፣ ለዕጓለ ማውታ መርጃ የዘፈን ምሽት ሲዘጋጅ ኖሯል። ሰጪው ስለ ሰጠው ገንዘብ ከሰማይ የሚጠብቀው ዋጋ እንዳለ ሆኖ፣ በምድርም ቢሆን አንድ የዶሮ ብልት ወይም አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ነገር ቢደርሰው ቅር አይለውም። በስደት በምኖርበት በአሜሪካ አገር ይህ ጥበብ ወደ ፍጹምነት ማዕርግ ደርሶ ያገኘሁት ግን በቢራ ጠማቂዎች ዘንድ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። በዚህ አገር፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚጠምቁትን ቀጭን ቢራ ንቀው፣ ክራፍት የተሰኘውን ቢራ በየሰፈሩ የሚጠምቁ ቤቶች አሉ። ሰው በገዛ ጓዳው ቢራ እንዲጠምቅ የሚፈቅደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ከፈረሙበት ጊዜ ወዲህ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየቤቱ የተጀመረው ሙከራ እያደገ ሄዶ፣ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ መቶ የማይሞሉት ጠማቂዎች ዛሬ ከ9,000 በላይ ሆነዋል። ማኅበራቸውም አነስተኛ የሚለውን ማዕርግ የሚሰጠው በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል ለማይበልጥ ጠማቂ ነው፤ ቀድሞ ወሰኑ 2 ሚሊዮን ነበር፤ ከአባላቱ አንዱ እየገዘፈ ወሰኑን ሊያልፍ በተቃረበ ጊዜ፣ አባሉ ከማኅበሩ ከሚወጣ ወሰኑ ራሱ ተነሥቶ ወደፊት ቢራመድ ይሻላል ተባለ። የአሜሪካ የቢራ በርሜል 117 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው በዓመት ሰባት መቶ ሚሊዮን ሊትር እየጠመቀ አነስተኛ ነኝ ቢል የሚከራከረው የለም፤ እንዲህ ያለ ትሕትና በመጽሐፈ መነኮሳት እንኳ ተጽፎ አላየሁም።

የእነዚህ ቤቶች ዝና የሚለካው ዘወትር በሚቀዱት ቢራ ሳይሆን፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከጓዳ በሚያወጡት ጠርሙስ ነው። የአገሩ ሕግ ቡርቦን የተባለው ውስኪ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል እንጂ ባገለገለ በርሜል እንዳይቀመጥ ስለሚያዝዝ፣ ውስኪ አውጪዎቹ አንድ ጊዜ የተጠቀሙበትን በርሜል ለሽያጭ ያቀርቡታል፤ ቢራ ጠማቂውም ገዝቶ፣ ስታውት የተባለውን ጥቁርና ወፍራም ቢራ ለብዙ ወራት ሱባዔ ያስገባበታል። ከሱባዔው ሲወጣ የአልኮሉ ኃይል ከመቶ 12፣ አንዳንዴም 15 ደርሶ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ አፉ በቀለጠ ሰም ታሽጎ፣ የሚሸጥበት ዕለት አስቀድሞ ይታወጃል። ጠርሙሱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሚሆን ቲኬት ይቆረጣል። ቲኬቱ የቢራው ዋጋ አይደለም፤ ቢራውን የመግዛት መብት ዋጋ ነው። መብትን በገንዘብ መሸጥ ግን ለጠማቂው ነውር ስለሚመስለው፣ የቲኬቱ ገቢ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል ተብሎ ይነገራል፤ ይሰጣልም። እዚህ ላይ ብልኅነቱን ልብ ይሏል፦ ጠማቂው ከቢራው ዋጋ ይጠቀማል፤ ድኻው ከቲኬቱ ይጠቀማል፤ ጠጪው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ለመጠጥ የሚሰለፍበትን ምክንያት ለሚስቱ የሚያስረዳበት ቃል ያገኛል። ከሦስቱ የማንኛው ጥቅም እንደሚበልጥ ባለትዳር የሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አምና በኅዳር ወር የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ በየወሩ በ12 የሚጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ሆነው የሚያገለግሉ፣ ጾም የማይሽሩ፣ በቃለ ጉባኤ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ እንዳልተደረገ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። አሜሪካውያን የምስጋና ቀን ብለው ሲበሉ ባመሹበት ማግስት፣ ዕለቱም ዓርብ፣ ጾመ ነቢያትም ገብቶ ሳለ፣ እኛ ካለንበት ከቨርጂኒያ መንደር ብዙ የማይርቅ አንድ ጠማቂ ዓመታዊውን ጠርሙስ ሊያወጣ ቀን ቈርጦ ነበር። በአንድ ቲኬት የሚፈቀደው ሁለት ጠርሙስ ነው። እኔ የምፈልገው አራት ጠርሙስ ስለ ሆነ፣ አገር ላሳይዎ ብዬ ጋሼን ይዣቸው ሄድሁ።

እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ፣ ለራሱ የማይጠጣውን ድርሻ ለሌላ ሰው ለማስገኘት የሚቆመውን ሰው ጠጪዎቹ በቅሎ ብለው ይጠሩታል። ይህን ለሽማግሌ መንገር ድፍረት ቢሆንም፣ ምን ልሥራ ብዬ ነው የምቆመው ብለው በጠየቁኝ ጊዜ አልዋሸኋቸውም። ጋሼም ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ እኔ አጎት የሆንሁት ሰውዬ ደግሞ በዚህ በስተርጅና በቅሎ ልባል?» አሉና ሰልፉ ውስጥ ገቡ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በሩ የሚከፈተው በቀትር ነበርና ሕዝቡ ተጣጣፊ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞ፣ አብዛኛውም ጺሙን እስከ ደረቱ አውርዶ፣ በጸጥታ ተቀምጧል፤ ጋሼ በመጀመሪያ እይታ ባሕታውያን መስለዋቸው ነበር። ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን ባሕታውያኑ ሁሉ ከየቤታቸው ያመጡትን የከረመ ጠርሙስ እየከፈቱ፣ በትንንሽ ብርጭቆ እየቀዱ እርስ በርስ ይቀማመሳሉ።

«ለመሆኑ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቢራ ከገበያ ጠፍቶ ነው?»

«የለም ጋሼ፤ ያ ከመንገዱ ማዶ የሚያዩት ሱቅ ከወለል እስከ ጣራው ቢራ ነው።»

«ታዲያ ይህ ምን የተለየ ነገር አለው?»

«ይኸኛው የሚገዛው በቲኬት ነው። የቲኬቱ ገንዘብ ደግሞ ለምግብ ባንክ ይገባል፤ የተቸገሩ ሰዎች ቀለብ የሚያገኙበት ድርጅት ነው።»

ጋሼ ከሰልፉ ራስ እስከ ሰልፉ ጭራ በዓይናቸው ቃኙና፣ «ድኾቹስ የታሉ?» አሉ።

«እነርሱ እዚህ አይመጡም፤ ገንዘቡ ነው የሚሄድላቸው።»

«አሃ፤ ተላላኪው ገንዘብ ነው በለኛ!» ብለው ዝም አሉ። በእርሳቸው ማኅበር ጽዋው የደረሰው ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ሲደግስ፣ ነዳያን በደጁ ተቀምጠው ድርሻቸውን ከዚያው ከድግሱ ይቋደሳሉ እንጂ፣ ሒሳባቸው በባንክ አይላክላቸውም። በወንጌል ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ የተነገረውን ቃል መሠረት አድርጎ የቆመ ሥርዓት ነውና፣ ጽዋውና ጠጪው ፊት ለፊት ሳይተያዩ ዝክር ተዘከረ ማለት ለጋሼ የሚዋጥ ነገር አይደለም። እኔ በበኩሌ ድኻውን እቤቱ ትቶ ቀለቡን ብቻ መላክ፣ በሰው ደጅ ከመቀመጥ ውርደት ያድነዋል ብዬ ልከራከር አስቤ፣ ከማኅበር ሙሴ ጋር በባዶ ሆድ ክርክር አይገጠምም ብዬ ተውሁት።

ከኋላችን የተቀመጠው ሰው፣ ትኁት የሆነ ጎልማሳ፣ በዚህ መካከል ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ዘረጋልን። ጋሼ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጾም መሆኑንና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፋቸው ምንም እንደማይገባ ነገሩት፤ እኔም ተረጎምሁ። ሰውየው እርሱም በየቀኑ እስከ ቀትር እንደሚጾም፣ የሚጾመውም ለነፍሱ ሳይሆን ለቦርጩ እንደ ሆነ ገልጾ፣ ስለ ጾም ብዙ የሚያውቁ ወንድሞችን ያገናኘ ዕለት ነው በማለት እጅግ ደስ አለው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ግን ነገሩን በከፊል ሰማው፤ ከዚያ የሚቀጥለውም የከፊሉን ከፊል ሰማ፤ ወሬው ሰልፉን አልፎ ተመልሶ ወደ እኛ ሲደርስ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አንድ ታላቅ የቢራ ቀማሽ በመካከላችን አሉ፣ ምላሳቸው እንዳይረክስ በሩ እስኪከፈት ድረስ ውኃ እንኳ አይቀምሱም የሚል ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ያገኙትን ክብር ልገልጸው አልችልም። ወንበር መጣላቸው፤ ብርድ ልብስ ተደረበላቸው፤ ጠርሙስ ያላቸው ሁሉ እየመጡ፣ ባይቀምሱትም እንኳ ቢያሸቱልን ብለው ለመኑ። ጋሼም ሰው የለመናቸውን እንቢ ማለት አይወዱምና፣ በእናታቸው ቤት የጠላ ጥንስስና ድፍድፍ ሲያሸቱ ያደጉበትን አፍንጫ እያቀረቡ ፍርድ መስጠት ጀመሩ። አንዱን አሽትተው አሻሮው አርሯል አሉ፤ ሌላውን አሽትተው ይህ ቡና እንጂ መጠጥ አይደለም አሉ፤ ሦስተኛው በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ ሲጋር ሲቲ የተባለው ቤት የሚጠምቀው፣ ሁናፑ የሚሰኝ ስታውት ነበር፤ ከካካዎ፣ ከቀረፋና ከቫኒላ ጋር ደረቅ ቃሪያ ይገባበታል። ጋሼ ብርጭቆውን መለስ አድርገው፣ «ለወጥ የታሰበውን በርበሬ ማን ነው በስሕተት እዚህ የጨመረው?» አሉ። ባለ ጠርሙሱ ትርጓሜውን ሲሰማ በመደነቅ ራሱን ያዘ፤ በርበሬውን በአፍንጫ ብቻ የለየ ሰው አይቶ አያውቅም ነበርና። ለዚህ ለሁናፑ ሰዎች እንዴት እንደሚንገበገቡ የሚያስረዳ ታሪክ አለ፤ በ2014 ቢራው በሚሸጥበት ዓመታዊ በዓል ላይ ሐሰተኛ ቲኬት ያተሙ ሰዎች በብዛት ገብተው፣ እውነተኛውን የገዙት ቢራው አልቆባቸው፣ ጠማቂው ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል።

ሰዓቱ አልገፋ ሲለን ስለ ሌሎች ጠማቂዎች አወራኋቸው። በኢንዲያና ግዛት በመንስተር ከተማ፣ ስሪ ፍሎይድስ የተባለው ቤት የጨለማው ጌታ የሚል ስም ያወጣለትን ጥቁር ቢራ በወርቃማ ቲኬት እንደሚሸጥ ስነግራቸው ሦስት ጊዜ አማተቡ። በኒው ሃምፕሻየር በፖርትስማውዝ ከተማ፣ ቶድ ሞት የተባለው ባለሙያ ይጠምቀው የነበረውና በሩሲያዋ ንግሥት በካትሪን የተሰየመው ስታውት ግን የበለጠ አስገረማቸው። ይህ ዓይነት ቢራ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከለንደን ወደዚያች ንግሥት ቤተ መንግሥት ይላክ ስለ ነበር ነው በስሟ መጠራቱ። የፖርትስማውዙ ቤት የሰልፉ ብዛት ባስጨነቀው ጊዜ፣ እንደ ፈጣን ሎተሪ በሳንቲም የሚፋቅ ቲኬት አሳትሞ ሸጠ፤ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ሄደ፤ ከቲኬቶቹ አብዛኞቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ዕድል የቀናው ሰው ያገኘው ቢራውን ሳይሆን ቢራውን የመግዛት ፈቃድ ነበር። ጋሼ ይህን ሰምተው፣ «ባዶ የወጣበት ሰው ነው እውነተኛውን ምጽዋት የሰጠ» አሉ። እኔም ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ምጽዋት ከጻፉት ይህ ሳይሻል አይቀርም አልሁ በልቤ።

ስለ ሳንታ ሮዛ ስነግራቸው ግን አልተስማማንም። በካሊፎርኒያ በምትገኘው በዚያች ከተማ፣ ራሽያን ሪቨር የተባለው ጠማቂ ቤት ወጣቱ ፕሊኒ የሚሰኘውን ቢራ በየዓመቱ ሲያወጣ፣ ሰው ብዙ ሰዓት በሰልፍ ይቆማል። በ2017 በጥቅምት ወር የተነሣው ሰደድ እሳት በሺሕ የሚቈጠሩ የከተማይቱን ቤቶች ባጠፋ ጊዜ፣ ጠማቂዎቹ ለተጎጂዎች መርጃ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ ለሰጡት ሰዎች ዕጣ አወጡ፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ሰልፉን አልፎ በቀጥታ እንዲገባ ተፈቀደለት። እኔ ይህን ከብልኀት ሁሉ የላቀ ብልኀት አድርጌ አቅርቤላቸው ነበር።

«ቆይ እስቲ፣» አሉኝ ጋሼ፣ «ምጽዋት የሰጠ ሰው ሰልፍ ይቀድማል ነው የምትለኝ?»

«በዕጣ ነው ጋሼ፤ ገንዘቡም ቤት ለተቃጠለባቸው ሰዎች ነው።»

«ገባኝ። ግን ያን ከማለዳ ጀምሮ የቆመውን፣ ምናልባት ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው፣ ምን ብሎ ያልፈዋል? ይህ ነገር በመንግሥተ ሰማያት ደጅም ከተጀመረ ለእኔ ቢጤው ጡረተኛ አያዛልቅም።»

መልስ አልነበረኝም፤ ደግነቱ የፊተኛው ሰው ጠርሙስ ይዞ መጣ።

ጋሼን ፈጽሞ ያላስደነቃቸው አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ መነኮሳት ቢራ ይጠምቃሉ የሚለው። በቤልጂግ አገር በቬስትፍሌትረን መንደር በሚገኘው በቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም፣ መነኮሳቱ ከ1838 ጀምሮ እየጠመቁ ራሳቸውን ይረዳሉ፤ ከሚበቃቸው በላይ አይጠምቁም፤ ብዙ ቢጠምቁ ብዙ እንደሚሸጡ እያወቁ እንቢ ብለው ኖረዋል። ገዢው ለረጅም ዘመን በስልክ ተመዝግቦ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቍጥር አስታውቆ፣ መልሼ አልሸጥም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር የሚወስደው። በ2012 ግን የገዳሙ ሕንፃ ማደስ ስላስፈለገው፣ ስድስት ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆ በአንድ ካርቶን አድርገው ወደ አሜሪካ ጭምር ላኩ፤ የአገሬው ሰውም ለገዳም ማደሻ መባ ሰጠሁ እያለ ተሻምቶ ገዛው። ጋሼ፣ በእኛም ደብር ለንግሥ ጠላ ይጠመቃል፣ ይህ ምን ይገርማል አሉ፤ ሰሌዳ ቍጥሩን ግን በማስታወሻቸው ጻፉት፤ ማኅበሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰልፈው ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች እንዳሉ ከጠረጠሩ ቆይተዋል።

እንግሊዞችም ቢሆኑ በመካከለኛው ዘመን እንዲሁ ያደርጉ እንደ ነበር ጽሑፎቻቸው ይመሰክራሉ። የደብሩ ሹማምንት ከምእመናን ብቅል ለምነው፣ ቢራ አስጠምቀው፣ በበዓል ቀን ለዚያው ብቅሉን ለሰጠው ሕዝብ መልሰው ይሸጡለትና፣ ትርፉን ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ማደሻና ለድኾች ያውሉት ነበር። ንጹሓን ነን የሚሉት ፕዩሪታኖች፣ ስካርና ዘፈን በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል ብለው ተነሡበት፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ነገሩ እየሞተ ሄደ። ጣራው ከዚያ በኋላ በምን እንደ ታደሰ የሚያስቡ ፕዩሪታኖች ይኖሩ እንደ ሆነ እንጃ።

በቀትር በሩ ተከፈተ። ጠማቂው ራሱ፣ የታላቁ ቀማሽ ወሬ ደርሶት ኖሮ፣ በር ድረስ ወጥቶ ጋሼን ተቀበላቸውና በትንሽ ብርጭቆ የዘንድሮውን ስታውት አቀረበላቸው። ጋሼ አሸተቱት፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ እንደገና አሸተቱት። ሰልፉ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። «ጥሩ ነው፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ግን ቸኩሎ ነው የወጣው፤ ቢከርም ይሻለዋል። ለገና ይደርሳል።» ይህን ስተረጉምለት ጠማቂው ፊቱ በርቶ፣ እርሱም ሁለት ወር እንዲቆይ ፈልጎ እንደ ነበር፣ የሒሳብ ሹሙ ግን ለምስጋና ቀን ማግስት ካልደረሰ ብሎ እንዳስቸኰለው በጆሮዬ ነገረኝ። ጋሼ ይህን ዓለም ያደነቀውን ዕውቀታቸውን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው፣ የጾሙ መፍቻ ገና መሆኑን ነው ያሰብሁት ብለው መለሱልኝ።

ለአንዱ ቲኬት 15 ዶላር፣ ለአንዱ ጠርሙስ ደግሞ 25 ዶላር ከፈልሁ። ቲኬቱን በጥንቃቄ አጥፌ ያስቀመጥሁት፣ በዓመት መጨረሻ ከግብሬ ላይ ይቀነስልኛል በሚል ተስፋ ነበር፤ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ግን ተስፋዬን ወዲያው ቆረጠው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ለበጎ አድራጎት ከከፈለው ገንዘብ ላይ በምላሹ ያገኘውን ነገር ዋጋ ቀንሶ የተረፈውን ብቻ ነው ስጦታ ብሎ የሚቀበለው፤ የዕጣ ቲኬት ከሆነ ደግሞ፣ ዕጣው ባይወጣም እንኳ፣ ተስፋውን እንደ ገዛህ ቆጥሮ ምንም አይቀንስልህም። ስለ ምጽዋት ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሰነድ ከፍትሐ ነገሥት ወዲህ አላነበብሁም።

በዚህ ሁሉ እየቀለድሁ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። በ2018 በኅዳር ወር በሰሜን ካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ እሳት በልቶ 85 ሰዎች ሲሞቱ፣ በአቅራቢያዋ በቺኮ ከተማ የሚገኘው የሲየራ ኔቫዳ ጠማቂ ቤት አንድ ቢራ ጠምቆ ገቢውን ሁሉ ለተጎጂዎች ሊሰጥ ተሳለ፤ የአጠማመቁንም ምስጢር ለሌሎች ጠማቂዎች በይፋ አድሎ፣ እንደ እኔ አድርጉ አላቸው። ከ1,400 በላይ ጠማቂዎች ተቀበሉት፤ ብቅልና ሆፕስ የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም ዕቃቸውን በነጻ ሰጡ። ሰም የለው፣ ወርቃማ ቲኬት የለው፣ ለሁለት ጠርሙስ ብሎ የሚሰለፍ በቅሎ የለው፤ ተራ ቢራ ነበር፤ ለእንደዚህ ያለው ሥራ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ጋሼም፣ ከተማይቱ የተሰየመችው በገነት መሆኑን ስነግራቸው፣ ነፍስ ይማር ብለው የሰልፉን ቀልድ ለአንድ አፍታ ተዉት።

አራቱ ጠርሙሶች እስከ ገና ድረስ በጓዳችን ቆዩ። በዓሉ ደርሶ ዶሮ ወጡ ከቀረበ በኋላ፣ ከደብራችን የመጡ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ ጠርሙሱን ልከፍት ቢላዋ ሳነሣ ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ቲኬትስ?» አሉ። ከኪሳቸውም በእጃቸው ጽፈው፣ ቍጥር ሰጥተው፣ ፈርመው ያዘጋጁትን የወረቀት ክምር አወጡ። ሰው በሳቅ ጀምሮ እየተሽቀዳደመ ቈረጠ፤ ባለትዳሩ የሚስቱን፣ ወላጁ የልጆቹን ሳይቀር ከፈለ፤ አንዲት በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ በቤቷ ምድር ቤት ጠላ የምትጠምቅ እናት ብቻ፣ ሰው ለሚጠጣው ሳይሆን ለመጠጣት ፈቃድ ሲከፍል አይቼ አላውቅም ብላ ተከራክራ፣ መጨረሻ ላይ የሁለት ሰው ከፈለች። ጠርሙሱ ተከፍቶ ለእያንዳንዱ የፍንጃል ያህል ደረሰው። አንዱ የሳል መድኃኒት ነው አለ፤ ሌላው ቡና ከአረቄ ጋር ተጣልቶበታል አለ፤ የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ጌሾው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ገንዘቡ ሲቆጠር ግን ከ300 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም አንዴ ጸጥ አለና ሁሉም አንዴ መናገር ጀመረ።

አንደኛው ለዚህ አገር ምግብ ባንክ ይሁን አለ፤ ሁለተኛው አገር ቤት ላሉ ዕጓለ ማውታ እንጂ ፈረንጅ ለፈረንጅ መች አነሰው አለ፤ ሦስተኛው የደብራችን ሕንፃ የተገዛበት የባንክ ዕዳ ገና አላለቀም አለ፤ አራተኛው ለጋሼ የአውሮፕላን ትርፍ ሻንጣ መክፈያ ይሁን ቢል ጋሼ ተቆጡት። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሊቀ መንበር፣ ምክትል፣ ጸሓፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ተሰየመ፤ ጋሼ ሊቀ መንበር ሆኑ። ኮሚቴው በሚቀጥለው እሑድ እንዲሰበሰብ ከተቀጠረ በኋላ ምክትሉ እጁን አንሥቶ፣ ስብሰባው ረጅም ስለሚሆን ለአባላቱ ጥቂት ቢራ ከዚሁ ገንዘብ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ከሥሩም ምክትል ሊቀ መንበሩ እሑድ ሲመጡ፣ ለሚጠጡት ሻይ ጭምር፣ በር ላይ ቲኬት እንዲቈርጡ ተወስኗል ብለው አስጨመሩበት።